አሥራ ሁለት ብልቃጥ ከአንድ አፍ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነርስ እህተማርያም የጥርስ ክሊኒኩን የኋላ ክፍል ስትከፍት ዶክተር አየነው ከነጩ ማቀዝቀዣ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። ማጅራታቸው ላይ አንድ ምት ብቻ አለ። አጠገባቸው ደም የነካው የገበሬ ዱላ ወድቋል። እህተማርያም ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ፖሊስ ተጠራ፤ ዱላው የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ዱላው የትዕዛዙ ነው። ትዕዛዙ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ድንች የሚያመርት፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ሰኞ አመሻሹ ላይ ክሊኒኩ ገብቶ በዶክተሩ ላይ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል። ሳጅን አዝመራው ከሆስፒታል፣ ከታመመችው ሚስቱ አልጋ አጠገብ አንሥቶ በካቴና ወሰደው። ለሳጅኑ ጉዳዩ በዚያው አለቀ።

ለኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ግን አላለቀም። ሰርክአዲስ የዳንግላ ልጅ ናት፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አገውኛን ከእናቷ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ያገኘች፣ ከሁለቱም ይልቅ ዓይኗ የሚፈጥን ሴት ናት። አንድ አመል ብቻ አለባት። የደረሰችበትን ነገር በጓዳ ተናግራ ማለፍ አይሆንላትም፤ ሰዉን ሁሉ ሰብስባ፣ አስቀምጣ፣ ከሥር ጀምራ ካልተረከች ጉዳዩ የተፈታ አይመስላትም። ባልደረቦቿ «ጉባኤ» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱን ታውቃለች፤ እውነት ለመናገር ደስም ይላታል።

ከሰዓት በኋላ እስረኛውን ለብቻው አስጠራችው። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርናቸው ድረስ በከሰል ጠቁረዋል።

«እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም» አለ በአገውኛ፣ ቋንቋውን ከእሷ አፍ ሲሰማ ትከሻው ትንሽ እየላላ።

«አያ ትዕዛዙ፣ ሰኞ ለምን ጮህክባቸው?»

«እንዴት አልጮህ? እንቁ፣ ሚስቴ፣ ድዷ እየደማ ጥርሷ ሲነቃነቅ የዶክተሩ ጥናት አለ ተባለና ተመዘገበች። ቤት ድረስ መጥተው ድዷ ላይ ቀጭን ወረቀት ሰክተው ናሙና ይወስዳሉ አሉን፤ ማንም አልመጣም። ኋላ ግን ወረቀት ደረሰን። ድድሽ ጤነኛ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ ይላል። ስትመዘገብ አፏን አይተውላት ስለነበር በዚያው ያወቁት መስሎን አምነን ተቀመጥን። አሁን አንገቷ ከአገጯ እኩል ሆኗል። ከድዷ የተነሣው መግል ወደ ውስጥ ወርዷል፣ ወደ ባሕር ዳር ለመወሰድም አትችልም አሉኝ። ሰኞ ሆስፒታል ውስጥ አንዱ ወረቀቱን አነበበልኝ። ናሙናው የተወሰደው የካቲት አሥራ ስድስት ነው ይላል።»

«ታዲያስ?»

«የካቲት አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት አይደለችም? እሑድ ነበር የዋለችው። እኔና እንቁ የዚያን ዕለት ቆርበን አፋችንን ሸፍነን ነው የዋልነው። የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ማን ነው አፏ ውስጥ ወረቀት ከትቶ የሚያወጣው? ይህንን ነው ለዶክተሩ የነገርኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«እንደ መታመም አደረጋቸው። ዛሬውኑ አጣራለሁ፣ ማታ ሆስፒታል እመጣለሁ አሉኝ። በዚህ መካከል የእንቁ እህት ዋጋዬ ደወለች፤ ትንፋሽ አጠራት አለችኝ። ስሮጥ ዱላዬን ከበር ማንሣቱን እንኳ ረሳሁት።»

«ከየትኛው በር?»

«ከግቢው በር ነዋ፤ ሰው ቤት ዱላ ይዞ ይገባል?» አለና በጠቆሩ እጆቹ ጉልበቷን ሊይዝ ጎንበስ አለ። «እሱን ተይው፣ ብትገድሉኝም ግድ የለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ልያት። ከፈለጋችሁ በሰንሰለት ጎትታችሁ ውሰዱኝ። ስሜን እየጠራች ነው።»

ሰርክአዲስ ፈጥና አነሣችው። «ነገ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እኔ ራሴ አደርስሃለሁ።»

«ማይልኝ።»

«ኪዳነ ምሕረትን።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ባሕር ዳር ተወስዷል፤ ክፍሉ እንደነበረ ነው። በተራ መጠበቂያው ወንበር ክንድ ላይ የከሰል ጣት አለ። የዶክተሩ ምርመራ ክፍል በር ላይም እንዲሁ። በኋለኛው ክፍል ግን፣ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ መሳቢያ፣ ነጭ ማቀዝቀዣ ባለበት፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለችም። ማቀዝቀዣውን ከፈተችው። ቁጥር የተለጠፈባቸው ትናንሽ ብልቃጦች በመደርደሪያቸው ቆመዋል፤ አሥራ ሁለት ቀዳዳ ባዶ ነው።

የዶክተሩን ስልክ ስታይ ደግሞ ሁለት ነገር አገኘች። የመጨረሻው ጥሪ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ለላብራቶሪ ባለሙያው ለሽመክት የተደወለ ነው። ከዚያ በፊት ዶክተሩ በዚያው ቀን የደረሳቸውን አንድ ደብዳቤ ፎቶ አንሥተዋል። ሰርክአዲስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችውና እህተማርያምን አስጠራች።

እህተማርያም ዝምተኛ ናት፤ ስታወራ አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች። ሰርክአዲስ በመጀመሪያ ዓይን አፋርነት መስሏት ነበር።

«ይህ ጥናት ምንድን ነው? ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጅኝ።»

«ከጥርስና ከድድ መካከል ጠባብ ስንጥቅ አለች» አለች እህተማርያም። «ከውስጧ በጣም ጥቂት ፈሳሽ ትወጣለች፤ በዓይን አትታይም። ቀጭን ወረቀት ለግማሽ ደቂቃ ሰካ አድርገን እናወጣለን። ድድ ሲታመም ሰውነት ለመከላከል የሚልካቸው ፕሮቲኖች እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ይበዛሉ። አጥንቱ ሳይበላ፣ ጥርሱ ሳይወልቅ ቀድመው ይነግሩናል። እነሱ የበዙበትን ሰው ጠርተን እናክማለን።»

«ጤነኛ ድድ ከሆነስ?»

«ፈሳሹም ትንሽ፣ ፕሮቲኑም ትንሽ ነው። የታመመ ድድ ጤነኛ ነኝ ብሎ መዋሸት አይችልም።»

ሰርክአዲስ ስልኩን አስጠጋችላት። «ይህ ናሙናው ከሚለካበት ከባሕር ዳር የመጣ ደብዳቤ ነው። ከአርባ ሰው የአሥራ ሁለቱ ልኬት ምንም ልዩነት የለውም፣ ከአንድ ጤነኛ አፍ የወጣ ይመስላል ይላል።»

«ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ወረቀት ነው የምንወስደው» አለች እህተማርያም ቀስ ብላ። «አንዱን እንልካለን፣ ሁለተኛው እዚህ ይቀመጣል።»

«እዚህ የተቀመጡት አሥራ ሁለቱ ጠፍተዋል። ቁጥራቸውም በደብዳቤው ካለው ጋር አንድ ነው። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አይደለሁም!» እጇ ከአፏ ላይ ወረደ። «መንደሮቹ የእኔ ነበሩ፤ እግሬን አሞኝ ሽመክት በሞተር ሄደልኝ። ስሜ አስቀድሞ ስለተጻፈ እንዳለ ተወው። እግዜር ያሳያችሁ፣ እመኑኝ!»

ሰርክአዲስ ያን ጊዜ አየችው። የእህተማርያም ድድ ቀልቶ አብጧል፣ በጥርሶቿ ዙሪያ ደም ይታያል፤ አንዱ የታችኛው ጥርሷ ከንግግሯ ጋር ይወዛወዛል። እህተማርያም መታየቷን ስታውቅ አንገቷን ደፋች።

«የሰው ድድ ስመለከት የራሴን አዘገየሁት» አለች። «ለዶክተር መናገር አፈርኩ።»

«ሰኞ ትዕዛዙ ሲገባ ምን ይዞ ነበር?»

«ምንም። እጁ ከሰል ብቻ ነበር። ሲወጣም ባዶ እጁን እየሮጠ ነው። የሚባባሉትን አልሰማሁም፤ አገውኛ አላውቅም። እኔ ከእሱ ቀጥዬ ወጣሁ፤ ዶክተር ደህና ነበሩ።»

«ይህን ለሳጅኑ ለምን አልነገርሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ረቡዕ በጠዋት የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ ይታይሽን ቤታቸው ሄዳ አገኘቻቸው። የክሊኒኩ የኋላ ክፍል ቁልፍ እሳቸውም ዘንድ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ባልና ሚስቱ መጣላታቸውንም ጎረቤት ነግሯታል። ሴትዮዋ አልካዱም።

«ክፉ ተናግሬ ነው የሸኘሁት» አሉ ጥቁር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እየጎተቱ። «ከሰው አፍ ውስጥ ወጥተህ ወደ እኔም ተመልከት አልኩት። ሳይመልስልኝ ወጣ። ታውቂያለሽ፣ ጥናቱን የጀመረው በእኔ ነው። ገና በሠላሳ አምስት ዓመቴ ጥርሴ ሁሉ ረግፎ አለቀ፤ የጥርስ ሐኪም ሚስት ሆኜ። ለሌላ ሰው ቀድሜ ካልደረስኩ አልሞትም ይል ነበር። ማታ ይመለሳል ብዬ እራቱን ከድኜ ጠበቅኩት። እስካሁን እንደተከደነ ነው።» ሰርክአዲስ ሌላ አልጠየቀችም።

ሦስት ሰዓት ላይ ከሽመክት ጋር ሻይ ቤት ተቀመጡ። የክሊኒኩ ላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የጣፈጠ። ናሙና የሚይዝበት ነጭ አይስ ቦክስ ከእግሩ ሥር አይለይም። ሻይ አዘዘ፣ የሽምብራ ቆሎም ዘገነ፤ ቆሎውን በመንጋጋው ሲሰብረው ጎረቤት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል።

«ሁዳዴ አይደለም እንዴ?» አለች ሰርክአዲስ፣ ፊቷ ያለውን ብርጭቆ ሳትነካ።

«ለእንደኔ ያለ መንገደኛ እግዜር ይቅር ይላል» ብሎ ሣቀ። ነጭ፣ የተደረደረ ጥርስ ነበረው፤ ድዱም እንደ ሕፃን ድድ ንጹሕ።

«ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ዳንግላ። እዚያው አድሬ ማክሰኞ ጠዋት ነው የመጣሁት።»

«ዶክተሩ ደውለውልሃል።»

«ናሙና መቼ ይላካል ብለው ነው።»

«ስለ ደብዳቤው አላነሡም?»

«የምን ደብዳቤ?» ቆሎው አንድ አፍታ ጸጥ አለ።

«የገጠሮቹን ናሙና የሰበሰበው ማን ነው?»

«መዝገቡ ይናገር የለ! እህተማርያም ናት። ሰው መክሰስ ባልወድም ትንሽ ታካች ናት።»

ሰርክአዲስ ወደ አይስ ቦክሱ ጎንበስ አለች። ነጩ እጀታ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት ምልክት አለ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የሞተር ግሪስ ነው።»

በጣቷ ነካችው። ደረቅ ነው፤ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ዘይት ዘይት አይሸትም። እጇ ወደ ክዳኑ ሊሄድ ነበር፤ ተወችው። ቆይ ገና ነው፣ ሁሉም ባለበት ይሁን አለች በልቧ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዋጋዬ ከሆስፒታል ደወለችላት። «ትንፋሿ እየከበደ ነው። የትዕዛዙን ስም ብቻ ነው የምትጠራው። እባክዎ፣ እንደ እናት እለምንዎታለሁ!»

«ይመጣል» አለች ሰርክአዲስ። «ቃሌ ነው።»

ሳጅን አዝመራው ከበሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «ኢንስፔክተር፣ እውነት እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ሰውየውን አሁን ብንወስደውስ? ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።»

«አንተ በሰው ፊት ነው ያሰርከው፤ በሰው ፊት መንጻት አለበት። ከተማው ነፍሰ ገዳይ ሲለው ውሎ አድሯል። ዛሬ ከጓዳ ብለቀው ዕድሜ ልኩን በጉቦ ወጣ ይባላል።»

እውነቷን ነበር። ግን ሙሉ እውነቷን አልነበረም። ጉባኤውን ልቧ ፈልጎታል፤ ወንበሮቹን እንኳ በልቧ ደርድራ ጨርሳ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም ያወቀችው ኋላ ነው።

ሰባት ሰዓት ተቀጥሮ ወይዘሮ ይታይሽ ከለቀስተኛ መካከል እስኪወጡ ሰባት ተኩል ሆነ። በክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ውስጥ ወይዘሮዋ፣ እህተማርያምና ሽመክት ተቀመጡ። ሁለት የቀበሌ ሽማግሎችም ለምስክርነት ተጠርተዋል። ትዕዛዙ በካቴና እንደታሰረ ከአዝመራው አጠገብ ነው። ሰርክአዲስ ማንም እንዳይረብሻት የሁሉንም ስልክ አስጠፍታ፣ የራሷንም ጨምራ፣ የጥርስ መንቀያ በሚቀመጥበት የብረት ትሪ ላይ ሰበሰበችው።

«ልሂድ» አለ ትዕዛዙ በአገውኛ። «የገደለው ማን እንደሆነ ለእኔ ምኔ ነው? ኋላ እሰማዋለሁ።»

«ትንሽ ብቻ ታገሠኝ፣ አያ ትዕዛዙ» አለችው፤ ወዲያውም ወደ ሰዉ ዞረች።

«በትዕዛዙ እጅ እንጀምር። ሰኞ የመጣው በቀጥታ ከከሰሉ ጉድጓድ ነው። የነካውን ሁሉ አጥቁሮታል፤ ይህን ወንበር፣ የዶክተሩን በር። ሬሳው በተገኘበት ክፍል ግን ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ አንድም የከሰል ጣት የለም። ከማቀዝቀዣው አሥራ ሁለት ብልቃጥ ተወስዷል፤ ክዳኑ ንጹሕ ነው። እዚያ ክፍል አልገባም ማለት ነው።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አዝመራው አቀረቀረ።

«ዱላውስ? ትዕዛዙ ሰው ቤት ዱላ ይዞ አይገባም። ከግቢው በር አስደግፎት ገባ። እህተማርያም ባዶ እጁን ሲገባም ሲወጣም አይታዋለች። ሚስቱ ጠናባት ተብሎ ሲሮጥ ረሳው። ስለዚህ ዱላውን ወደ ውስጥ ያስገባው ሰው ከእሱ በኋላ በዚያ በር የገባ ነው።»

ትዕዛዙ ብድግ አለ። ዓይኑ የግድግዳው ሰዓት ላይ ተተክሏል፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ይላል። አዝመራው ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ዱላው እጀታው ድረስ የከሰል ዱቄት ነበረበት» ቀጠለች ሰርክአዲስ። «የጨበጠው ሰው እጁ ይጠቁራል። ገዳዩ ይህን አላሰበም። ማቀዝቀዣውን የከፈቱት ዶክተሩ ራሳቸው ስለሆኑ ክዳኑን በእጁ መንካት አላስፈለገውም፤ ብልቃጦቹን አንሥቶ፣ በክርኑ ገፍቶ ዘግቶት ወጣ።»

«ግን ብልቃጦቹን ምን ያደርግለታል?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«አባቴ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። እነዚያ አሥራ ሁለቱ ናሙናዎች የገበሬዎቹ አይደሉም። ሁሉም ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። አንደኛው የእንቁ ነው የተባለው፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ተወሰደ ተብሎ የተጻፈ ነው። እንቁ ያን ዕለት ቆርባ ነበር። ሰኞ ትዕዛዙ ይህን ሲናገር ዶክተሩ ያን ቀን የደረሳቸው ደብዳቤ ትርጉሙ ገባቸው። ናሙናውን የፈጠረውን ሰው ጠሩት። ያም ሰው መጣ።»

እህተማርያም ማልቀስ ጀመረች። ሰርክአዲስ ከመሳቢያ ሦስት ቀጫጭን ወረቀቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የአሥራ ሁለቱ ብልቃጥ ባለቤት ማን እንደሆነ አፉ ይነግረናል። ባሕር ዳር ያለው ልኬት አልጠፋም። ከሦስታችሁም አንድ አንድ ወረቀት እፈልጋለሁ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ያለኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ስንጥቁን ከየት ታገኚዋለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ያስቸገርኩዎት ናሙናው ከእርስዎ አለመሆኑን ሌሎቹም እንዲያዩ ነው።»

እህተማርያም ወረቀቷን ከድዷ ሥር ሰካችው። አሥር ሳይቆጠር ወረቀቷ ቀይ ሆነች።

«ደም የነካው ወረቀት ለልኬት አይሆንም» አለች ሰርክአዲስ። «ለእኔ ግን ይበቃኛል። ከዚህ አፍ አንድም ጤነኛ ናሙና ሊወጣ አይችልም፤ እንኳን አሥራ ሁለት። ሽመክት፣ ተራህ ነው።»

ሽመክት ወረቀቱን አየው እንጂ አልነካውም።

«ዛሬ አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«ቆርቤያለሁ። አፌ አይነካም።»

ትዕዛዙ እንኳ ቀና ብሎ አየው።

«በሁዳዴ የሥራ ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው» አለች ሰርክአዲስ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አሁን ገና ስምንት ሰዓት ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ደግሞ ከእኔ ጋር ሻይ ጠጥተህ ቆሎ በልተሃል። ይህን ቃል ከየት ተማርከው፣ ሽመክት? ስንት ሰው ነው እንዲህ ብሎ የመለሰህ?»

በዓይኗ ምልክት አዝመራው አይስ ቦክሱን ከፈተው። ከበረዶው መካከል አሥራ ሁለት ብልቃጥ ተደርድሯል።

«እጀታው ላይ ያለውም ግሪስ አይደለም፤ የትዕዛዙ ከሰል ነው» አለች። «ለምን አልጣልካቸውም?»

ሽመክት ወንበሩ ላይ ተኮማተረ። ሲናገር የሻይ ቤቱ ሰውዬ አልነበረም።

«ልመልሳቸው ነበር። ቁጥራቸው የተለጠፈ ስለሆነ ሌላ ብልቃጥ አይሆንም። ቤት ለቤት ዞሬ እውነተኛውን ሞልቼ ልመልስ ነበር!» ፊቱን በእጆቹ ያዘ። «ኪዳነ ምሕረት ዕለት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት ቆርበናል አሉኝ። እንቁ ቤት ሳልደርስ ተመለስኩ። አንድ ወረቀት ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ የራሴን ሰካሁ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ሌሎቹ ጾመን አፋችንን አናስነካም አሉኝ። ሲበሉ ደግሞ ናሙናው ይበላሻል። አንዱን ካደረግኩ በኋላ ሌላው ቀለለኝ። ሰኞ ዶክተር ጠርተው ማቀዝቀዣውን ከፍተው ጠበቁኝ። ጌታዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ አልኳቸው። ሴትዮዋ የምትሞተው ዛሬ ነው፣ አሁን ሆስፒታል ሄጄ እናገራለሁ አሉኝ። ከዱላው ጋር የገባሁት... ስገባ በሩ ላይ አይቼው ነው፣ ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም። ዘወር ሲሉ መታኋቸው።»

ወይዘሮ ይታይሽ «እራቱን ከድኜ!» ብለው ጮኹ፤ ሽማግሎቹ ደግፈው ያዟቸው።

አዝመራው የትዕዛዙን ካቴና ፈትቶ ለሽመክት አጠለቀው። ሰርክአዲስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አምሮላታል፤ አንድም ያልተያያዘ ነገር አልቀረም። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። ቃል የገባችው ለዘጠኝ ነበር።

«ና፣ አያ ትዕዛዙ፤ ባጃጅ ልጥራ» ብላ ከብረት ትሪው ስልኳን አንሥታ ከፈተችው።

የመልእክት ድምፅ ተከታትሎ ገባ። ሰባት ጊዜ ተደውሎላታል፤ ሰባቱም ከአንድ ቁጥር። እሷ ሳትደውል ስልኩ መልሶ ጠራ። ዋጋዬ ነበረች። የሚሰማው ንግግር ሳይሆን ልቅሶ ነበር፤ ከልቅሶው መካከል ሰዓቱን ብቻ ነገረቻት።

ትዕዛዙ ፊቷን እያየ ቆሟል። መንገር አላስፈለጋትም። ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ነጩ ግድግዳ ላይ አምስት ጥቁር ጣቶች ቀሩ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለ በአገውኛ።

«ለስምንት ሩብ ጉዳይ።»

«ያን ጊዜ ምን እየተናገርሽ ነበር?»

ሰርክአዲስ ልትዋሽ ፈለገች። በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ የዚያን ዕለትን ያህል መዋሸት ፈልጋ አታውቅም።

«ስለ ዱላህ» አለች።

ትዕዛዙ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ወደ ግቢው በር ወጣ፤ እንደ ልማዱ ዱላውን ሊያነሣ እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ። ዱላው ግን በኤግዚቢትነት ፖሊስ ዘንድ ተይዟል። ባዶ እጁን ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ወረደ፤ ሰርክአዲስም ከኋላው ተከተለችው፣ ልትቀድመው ግን አልደፈረችም።